ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ ለሚነሡ ልጆች የጻፉ ሰው

ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት በሚዘጋጅበት ጊዜ በመጨረሻው ክፍል ያለነው ተማሪዎች እያንዳንዳችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ታዘዝን። ከጓደኞቼ የሚበዙት ነገሥታትንና የጦር አለቆችን መረጡ፤ አንዱ ደግሞ የሩጫ ጀግናችንን አበበ ቢቂላን ወሰደ። እኔ የመረጥሁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ብገልጽ ሳይሻል አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት እዚሁ አቃቂ በአንድ የሠፈር አዳራሽ ሕፃናትን ንባብ እናለማምድ ነበር። በአዳራሹ ጥግ መስተዋት ያለው የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ቆሟል። በውስጡ አርባ የሚያህሉ ሥዕል ያላቸው የልጆች መጻሕፍት ተደርድረው ይታያሉ። ቁም ሣጥኑ ግን ተቆልፎ ነበር። ልጆች ይቀዷቸዋል፥ በእጃቸው ዕድፍ ያበላሿቸዋል ተብሎ ስለ ተፈራ መጻሕፍቱ የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። ሕፃናቱም አፍንጫቸውን በመስተዋቱ ላይ አስደግፈው የሽፋኑን ሥዕል እየተመለከቱ በውስጡ ያለውን ታሪክ በግምት ይፈጥሩ ነበር። አንዲት ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ መጻሕፍቱ ምን አጥፍተው እንደ ታሰሩ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ታሪክ አነበብሁ። መጽሐፍ በግምጃ ቤት ተቆልፎ በሚኖርበት ዘመን ተወልደው፥ መጽሐፍን ከግምጃ ቤት አውጥተው በቤተ ሰብ መካከል ለማኖር ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ ሰው መሆናቸውን ሳውቅ፥ የዚያች ልጅ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊትም ተጠይቆ የነበረ መስሎ ታየኝ።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ገጠሩ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ የትምህርት በር የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። እርሳቸውም እንደ ዘመኑ ልጆች ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ ደጅ ነው።

የዚያ ትምህርት ሥርዓት ምን እንደሚመስል አባቶቻችን ያውቁታል፤ ለታናናሾቼ ግን ጥቂት ልናገር። ሕፃኑ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በስንደዶ እያመለከተ ፊደል ይቆጥራል። ሀ ሁን በቅደም ተከተሉ ከለመደው በኋላ በቃሉ ብቻ እየሸመደደ እንዳያልፍ አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ በአቡጊዳ ተራው ስለሚለወጥ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኑ መለየት ግዴታው ይሆናል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። መጀመሪያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብና በውርድ ንባብ አድርጎ በመጨረሻ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። የሁሉም ፍጻሜ ዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ትልቅ ክብር ነበር፤ ድግስ ይደገሳል፥ የኔታም ስጦታ ይቀበላሉ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ እኛ ያጣነው አንድ መልካም ነገር ነበር። የልጁን ንባብ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። ልጅ ጮኾ ያነብባል፤ መንገደኛው ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ እናት በጓዳ ሆና የልጇን ድምፅ ከሌሎቹ ትለያለች። እኛ ዛሬ ብቻችንን ዝም ብለን ስለምናነብ ማንበባችንን ከመምህሩ በቀር የሚያውቅልን የለም፤ እርሱም የሚያውቀው በፈተና ጊዜ ነው።

ጉድለትም ነበረበት። የሚነበበው ግዕዝ በመሆኑ ሕፃኑ ያነበበውን አይረዳውም፤ ትርጓሜው የሚመጣው ብዙ ዓመት ከተማረ በኋላ ነው። መጽሐፉም ብራና ነው። ለአንድ ዳዊት የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ይዘጋጃል፤ ቁም ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ይዞ ለብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ ለልጅ ተለቅቆ አይሰጥም፤ በማኅደሩ ተከትቶ ከግድግዳ ይሰቀላል ወይም በዕቃ ቤት ይቆለፋል። እንግዲህ የዚያን ጊዜው ቁልፍ በቂ ምክንያት ነበረው። በማተሚያ መኪና በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ በሚወጣበት በእኛ ዘመን ግን ያው ቁልፍ ለምን እንደ ቀረ እኔ አይገባኝም።

ኅሩይ ከመርሐ ቤቴ ወጥተው በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በዚያም በጽሕፈት አገለገሉ። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ ስለ ነበረች ሊቃውንትና መጻሕፍት የተሰበሰቡባት ቦታ ነበረች። በኋላም እንግሊዝኛ ተምረው ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲላኩ ኅሩይም አብረው ተጓዙ። ያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ገና አቃቂ አልደረሰም ነበር።

በተከታዩ ዓመት በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን አሳተሙ፤ ይህንንም በ1920 ዓ.ም. አስፍተው እንደ ገና አወጡት። የመጻሕፍት ዝርዝር ማንበብ ለማንም ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ያለውን ያልቆጠረ ሰው የጎደለውን አያውቅም። ገድሉ፥ ድርሳኑ፥ ተአምሩ፥ የዜማውና የሕጉ መጽሐፍ ሁሉ ተራ በተራ ሲጻፍ፥ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በገዛ ቋንቋው ከምሽት መብራት ፊት ተቀምጦ ሊያነበው የሚችል መጽሐፍ እጅግ ጥቂት መሆኑ ሳይታያቸው የቀረ አይመስለኝም። ይህን የምለው ከዚያ በኋላ የጻፏቸውን መጻሕፍት ርእስ አይቼ ነው።

በ1910 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፍ ስሙ ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ይባላል። በ1915 ዓ.ም. የነገሥታትን፥ የመኳንንትንና የሊቃውንትን ታሪክ በአጭር በአጭሩ ጽፈው የሕይወት ታሪክ ብለው ሲሰይሙት፥ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን መሆኑን ከርእሱ ሥር ጨመሩበት። በዚያ ዘመን ደራሲ መጽሐፉን ለጌታው ወይም ለንጉሡ ሲያበረክት እናያለን፤ ገና ላልተወለዱ ልጆች የጻፈ ሰው ማግኘት ግን ያስደንቃል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ይህ አጭር የሕይወት ታሪክም ቢሆን የእርሳቸውን ፈለግ የተከተለ ነው። የሚነሡት ልጆች እኛ ነንና፥ ማስታወቂያው ለእኛ የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ሆነ አድርጌ ቆጠርሁት።

በዚያው በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ጓደኛ ሆኖ ይጓዛል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ተማሪዎች የእንግሊዛዊውን የዮሐንስ ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ ስለምናውቀው ዝምድናው ወዲያው ይገባናል፤ ነገር ግን አማርኛው፥ ተረቱና ምሳሌው ያገራችን ነው። ቀጥሎ በ1918 ዓ.ም. ከቀደሙት ሊቃውንትና በዘመናቸው ከነበሩት ባለ ቅኔዎች የተሰበሰበ መጽሐፈ ቅኔ አወጡ። በ1923 ዓ.ም. በልጅነት ስለሚደረግ ጋብቻ የሚናገረውን የልብ አሳብን፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዓለምን አሳተሙ። የአዲስ ዓለም ባለ ታሪክ አወቀ የተባለ ወጣት ነው፤ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር ስለ ተዝካር ድግስና ስለ ሌላው ልማድ ይጋጫል። የሚገርመው አወቀ ዘመዶቹን ንቆ አይለያቸውም፤ ተቀምጦ ያስረዳቸዋል።

እዚህ ላይ አሳቤን ሳልደብቅ ልናገር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በልብ ወለዶቻቸው ውስጥ ምክር ያበዛሉ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰባኪ ይናገራሉ፤ ልጅ የሆነ አንባቢ ገጹን ሊዘልል ይችላል፤ እኔም ዘልያለሁ። ነገር ግን ከእርሳቸው በፊት በአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው መጀመሪያው የሚባለው። መንገድ የሚጠርግ ሰው እግሩን እሾህ ቢወጋው አይፈረድበትም።

መጽሐፍ ለመጻፍ ብቻ ሳይሆን ለማሳተምም መሣሪያ ያስፈልጋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ ከዚህም ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም የተባለው ጋዜጣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳምንቱ መውጣት ጀመረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኅሩይም በኩላቸው ጎሐ ጽባሕ ብለው የሰየሙትን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ የንጋት ብርሃን ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ አንባቢ ሲያፈራ ማተሚያ ቤቱ የሚነበበውን ያቀርባል። አንዱ ያለ ሌላው ቢከፈት ኖሮ ወይ አንባቢው መጽሐፍ ያጣል፥ ወይ መጽሐፉ አንባቢ ያጣል።

በመንግሥት ሥራም የነበራቸው ድርሻ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ ዳኛ ሆነዋል፤ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ብላቴን ጌታ ተብለዋል። ለእኛ ለአቃቂ ልጆች የሚያስደስተው የጉዞአቸው ነገር ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መልእክተኛ ሁሉ በእኛው ጣቢያ ማለፉ የግድ ነበር። ኅሩይም በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አሜሪካ፥ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ጋር ወደ አውሮፓ፥ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ጃፓን ሄደዋል። ሌላው መንገደኛ ከውጭ አገር ጨርቅና ሰዓት ይዞ ሲመለስ እርሳቸው በሻንጣቸው የመጽሐፍ ረቂቅ ይዘው ይመለሱ ነበር ማለት ይቻላል። የአውሮፓውን ጉዞ ጽፈዋል፤ ከጃፓን ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል፤ እርሱም ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል። ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ያልታደለ የመርሐ ቤቴ ወይም የአቃቂ ልጅ ቶኪዮን በአማርኛ ያይ ዘንድ አበቁት።

በቤታቸው ውስጥ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ከልጆቻቸው መረዳት ይቻላል። ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በካምብሪጅ፥ ሲራክ ኅሩይ በኦክስፎርድ ተማሩ። ሀብታም ሰው ልጁን ወደ ውጭ መላኩ ብዙ አያስደንቅም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ለልጅ ምክር የጻፉት አባት ምክሩን ከቤታቸው መጀመራቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለንባብ ሀብት የማያስፈልግ መሆኑንም ከአያቴ አውቄአለሁ። አያቴ ፊደል የቆጠረችው ካደገች በኋላ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በቤታችን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአንድ የተረት መጽሐፍ በቀር አልነበረም፤ ቡና ሲፈላ ግን በየቀኑ አንድ ገጽ ሳላነብላት ቁርሱን አትሰጠኝም ነበር። ስሳሳት ታውቃለች፤ አታርመኝም፤ ጀበናውን አስቀምጣ ዝም ትላለች፤ እኔም ተመልሼ አነበዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ አሳዛኝ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንግሥተ ሳባ እስከ አድዋ ድል ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ ጽፈው ለማሳተም ተዘጋጅተው ነበር። ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው፤ መጽሐፉም ተበትኖ ቀረ። ለሕዝብ እጅ የደረሰው ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ብለው የጻፉ ሰው በእውነትም መጽሐፋቸውን የተቀበሏቸው የልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ሆኑ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ ባቡሩ በአቃቂ አልፎ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ከተሰደዱት አንዱ ነበሩ። በዚያ ሐዲድ ብዙ ጊዜ ወጥተው ተመልሰዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን በሕይወት አልተመለሱም። ዛሬ ባቡር በማይቆምበት በድሮው ጣቢያ አጠገብ ሳልፍ ያ ቀን ይታሰበኛል።

ከኢየሩሳሌም በኋላ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተቀመጡ። በዚያም ሳሉ መርዶ ደረሳቸው። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ በጠላት እጅ ገብቶ ነበር፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተገደሉት የተማሩ ወጣቶች አንዱ ሆነ። የዶክተር ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም በዚያው ጊዜ ተገደሉ። ጠላት በየቤቱ አንባቢውን እየፈለገ ገደለ። አንድን የተማረ ሰው ለማፍራት ሃያ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ለማጥፋት አንድ ቀን በቃው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በስደት በዚያችው ከተማ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ ነበር። አጽማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከጥፋቱ የተረፈው ልጃቸው ሲራክ ደግሞ የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ ወደ አማርኛ ተርጉሞ አሳተመ። አባት የጀመሩትን ልጅ ቀጠለው።

የቁም ሣጥኑን ነገር ሳልጨርስ መተው ስለማይገባኝ ወደ እርሱ ልመለስ። ባለፈው ግንቦት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ወደ ሠፈራችን እድር ዳኛ ሄድን። የኅሩይን ታሪክ ነገርናቸው። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት መከፈቱን፥ በሐዋሳም በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች ይዞሩ እንደ ነበር አስረዳናቸው። አባባ ዝም ብለው ከሰሙን በኋላ የእድሩ ብረት ድስት፥ ሰሃንና አግዳሚ ወንበር ለስንት ዓመት በየቤቱ እየተዋሰ እንደ ኖረ ጠየቁን። እኛም ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ ነው አልናቸው። እንግዲያው መጽሐፍ ከብረት ድስት በምን ይበልጣል ብለው ሳቁ፤ ቁልፉንም ከያዘው ሰው ጋር ራሳቸው ተነጋገሩ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ መጻሕፍቱ በእድሩ የዕቃ መዝገብ ላይ ተመዘገቡ። ልጁ መጽሐፍ ሲወስድ እናቱ ወይም አባቱ ይፈርማሉ፤ መፈረም የማይችል የጣት አሻራ ያደርጋል፤ ልጁም ሲመልስ አንድ ገጽ ጮኾ ለተሰበሰበው ያነብባል። ይህንን የመጨረሻውን ሥርዓት ያመጡት የኔታ ዘንድ የተማሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ወላጆች በአዳራሹ አልተገኙም፤ በአራተኛው ሳምንት ግን አግዳሚው አልበቃም ነበር። መጻሕፍቱ ለምን እንደ ታሰሩ የጠየቀችኝ ልጅ የአንድ ጥንቸል ታሪክ ሦስት ጊዜ ወስዳ ሦስት ጊዜ መልሳለች፤ አሁን ሳታይ ትወጣዋለች።

ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ሁለት መጻሕፍት ተቀድደው በሙጫ ተጠግነዋል፤ በአንዱም ላይ ወጥ ፈስሶበታል። አንድ መጽሐፍ ጠፍቷል። ተዋሹ እቤቱ የለም ይላል፤ እናቱ ግን ማታ ማታ ከአልጋው ሥር ሲያወጣው እንደምታይ ለእድሩ ዕቃ ቤት ሹም በጆሮው ነግራዋለች፤ እርሱም መዝገቡን ገና አልዘጋውም።